በአንድ አካውንት የሚጠቀም ቤተሰብ ግዢውን ሳያጣ አካውንቱን እንዴት ይለያል?

ይህ ጥያቄ በተለያየ ቃል እየተመላለሰ ይመጣብኛል። «እኔና ባለቤቴ ስልክ የገዛን ጊዜ አንድ አካውንት ከፍተን ሁለታችንም በእሱ ገባን። አሁን የእሷ ፎቶ እኔ ጋር ይመጣል፣ ለእኔ የተደወለው እሷ ጋር ይጮኻል። ልጃችንም ታብሌቱን የሚጠቀመው በዚሁ አካውንት ነው። ብንለያይ የከፈልንባቸው መተግበሪያዎችና ፊልሞች ይጠፋሉ ወይ?» አይጠፉም፤ ቅደም ተከተሉን ከጠበቃችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ይግባችሁ። ከመደብር የምትገዙት መተግበሪያ፣ ፊልም ወይም መጽሐፍ እንደ ዕቃ እጃችሁ አይገባም። የገዛችሁት የመጠቀም ፈቃድ ነው፤ ፈቃዱም የተመዘገበው በአካውንቱ ስም እንጂ በስልኩ ወይም በካርዱ ባለቤት ስም አይደለም። ስለዚህ ግዢው ካለበት አካውንት አይነሳም። የሚነሱት ሰዎቹ ናቸው። ከዚህ በታች ያለው እርምጃ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው፤ ግራ በተጋባችሁ ቁጥር ወደዚህ ተመለሱ።

መመሪያው የተጻፈው ለአይፎንና ለአንድሮይድ ተጠቃሚዎች ነው። የአይፎን ቁልፎች በአማርኛ ስለማይመጡ ስማቸውን እንዳለ በፊደላችን ጽፌዋለሁ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የቤተሰቡ ስልኮች፣ ታብሌቶችና ኮምፒውተሮች በሙሉ፣ ባትሪያቸው ሞልቶ
- የአሮጌው አካውንት የይለፍ ቃል፣ እንዲሁም የማረጋገጫ ኮድ የሚመጣበት ስልክ
- ለእያንዳንዱ አዋቂ የራሱ ኢሜይልና የራሱ ስልክ ቁጥር
- የቤተሰቡን ግዢ የሚከፍል አንድ የክፍያ ካርድ
- ፎቶ የሚገለበጥበት ኮምፒውተር ወይም ውጫዊ ሃርድ ዲስክ
- ፈጣን ዋይፋይ
- ወረቀትና እስክሪብቶ
- ማንም የማያጣድፋችሁ ግማሽ ቀን

ማስጠንቀቂያ፦ የአሮጌውን አካውንት የይለፍ ቃል የማታስታውሱ ከሆነ እዚህ ላይ ቁሙና መጀመሪያ እሱን አስመልሱ። አይፎን ያለ ይለፍ ቃሉ ከአካውንቱ ሙሉ በሙሉ አያስወጣችሁም። አንድሮይድም ላይ በግድ «ሁሉንም አጥፍቼ ልጀምር» ብትሉ ስልኩ ሲነሳ የቀድሞውን አካውንት ይጠይቃችኋል፤ መልስ ከሌላችሁ ስልኩ ተቆልፎ ይቀራል።

እርምጃ 1፦ ያላችሁን ጻፉ

ወረቀቱን በሁለት ክፈሉት። በአንዱ በኩል እያንዳንዱን መሣሪያና አሁን በየትኛው አካውንት እንደተከፈተ አስፍሩ። በሌላው በኩል ገንዘብ የወጣባቸውን ነገሮች ጻፉ፦ የተገዙ መተግበሪያዎች፣ ፊልሞች፣ መጻሕፍት፣ በየወሩ ወይም በየዓመቱ የሚታደሱ አገልግሎቶች። በሚታደሱት አጠገብ የሚታደሱበትን ቀንና ገንዘቡ ከማን ካርድ እንደሚቆረጥ አክሉ።

ብዙ ሰው ይህን እርምጃ ይዘለዋል። ዝርዝሩ ከሌለ ግን በመጨረሻ አንድ ነገር ሲጎድል መጀመሪያም አልነበረም ወይስ ስንለያይ ጠፋ የሚለውን መለየት አይቻልም። ለአንድ አገልግሎት ባልም ሚስትም ለየብቻ ሲከፍሉ መኖራቸውም የሚታወቀው እዚሁ ወረቀት ላይ ነው።

እርምጃ 2፦ አሮጌው አካውንት ለማን እንደሚቀር ወስኑ

አካውንቱ የሚቀረው ኢሜይሉና ስልክ ቁጥሩ የእሱ ለሆነ ሰው ነው። በላዩ ላይ ብዙ ግዢ ካለ ደግሞ ያ ሰው የቤተሰቡ ቡድን (ከተለያያችሁ በኋላ ግዢውን የምትጋሩበት፣ እርምጃ 6 ላይ የምትፈጥሩት) አስተዳዳሪ ይሁን፤ የቤተሰቡን ግዢ ክፍያ የሚሸከመው አስተዳዳሪው ስለሆነ ገንዘቡን የሚከታተል ሰው ቢሆን ይመረጣል።

ኢሜይሉ የአንዱ፣ ስልክ ቁጥሩ የሌላው ሆኖ ከተገኘ አሁኑኑ አስተካክሉት። የማረጋገጫ ኮዱ ሌላ ሰው ጋር የሚሄድ አካውንት የእናንተ ነው ማለት አይቻልም።

አፕል በ2025 አንድ ሰው ሁለት አካውንት ካለው የአንዱን ግዢ ወደ ሌላው የሚያዛውርበት መንገድ ከፍቷል። ይህ ግን የተሠራው የራሱን ሁለት አካውንት አንድ ለማድረግ ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ግዢውን በሁለት ሰዎች መካከል አያካፍልም። በሁሉም አገርም አይሠራም። ለቤተሰብ ጉዳይ አትሞክሩት።

እርምጃ 3፦ ቅጂ አስቀምጡ

«ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» የተባለው ለዚህ እርምጃ ይመስለኛል። በክላውድ (በኢንተርኔት ላይ ባለው የአካውንታችሁ ማከማቻ፤ አፕል ዘንድ አይክላውድ ይባላል) ያለውን ብቻ አትመኑ፤ ክላውዱ ራሱ ልትወጡበት ያላችሁት አካውንት ነውና።

ፎቶዎች፦ አይፎን ላይ «ኦፕቲማይዝ» የሚለው ምርጫ በርቶ ከሆነ ስልኩ ውስጥ ያለው የፎቶው ትንሽ ቅጂ ነው፣ ዋናው በክላውድ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዋናዎቹን ወደ ኮምፒውተር አውርዱና ወደ ሃርድ ዲስኩ ገልብጡ። ከዚያም ጥቂቶቹን ከፍታችሁ እዩ፤ የፋይሉ ስም መታየቱ ፎቶው ለመኖሩ ማረጋገጫ አይሆንም። ጎግል ፎቶዎችን የምትጠቀሙ ከሆነ ፎቶዎቻችሁን በሙሉ ለትዳር ጓደኛችሁ አካውንት የማጋራት ምርጫ አለው፤ እሱ ወይም እሷ ወደ ራሳቸው አካውንት እንዲያስቀምጡ ማድረግ ይቻላል።

የስልክ ቁጥሮች፦ ከዕውቂያዎች መተግበሪያው በፋይል አውጥታችሁ ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩት።

ዋትሳፕ፦ መልእክቶቹ የታሰሩት በስልክ ቁጥራችሁ ነው። መጠባበቂያ ቅጂው ግን አንድሮይድ ላይ በመረጣችሁት የጎግል አካውንት፣ አይፎን ላይ ደግሞ በአይክላውድ ይቀመጣል። አካውንት ስትቀይሩ የድሮው ቅጂ እዚያው ይቀራል፤ በአዲሱ አካውንት ወዲያው አዲስ ቅጂ መውሰድ አለባችሁ። ቴሌግራም በራሱ ማዕከል ስለሚያስቀምጥ እዚህ ውስጥ አይገባም።

ማስጠንቀቂያ፦ ሁለት ስልኮች በአንድ አካውንት ላይ እያሉ ምንም ነገር አትሰርዙ። ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በአሮጌ ታብሌት ላይ ቦታ ለማስለቀቅ ብዬ ፎቶ ስሰርዝ ውዬ፣ ማታ ባለቤቴ የራሷን ስልክ ከፍታ «የልጁ ልደት የት ሄደ?» አለችኝ። እኔ የሰረዝኩት ከታብሌቱ ብቻ መስሎኝ ነበር። የተመሳሰለ አካውንት ላይ መሰረዝ ከሁሉም መሣሪያ መሰረዝ ነው። እንዲህ ከሆነባችሁ የተሰረዙ ፎቶዎች ማከማቻውን ፈጥናችሁ ክፈቱ፤ በአይክላውድ 30 ቀን፣ በጎግል ፎቶዎች ምትኬ የተያዘለት ፎቶ 60 ቀን ይቆያል።

እርምጃ 4፦ ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን አካውንት ክፈቱ

አዋቂዎች የራሳቸውን ይክፈቱ። ሦስት ነገሮች ላይ አትሳሳቱ።

የመጀመሪያው የልደት ቀን ነው። ለልጅ የሐሰት ዕድሜ ሰጥቶ እንደ አዋቂ መክፈት ለጊዜው ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የወላጅ ቁጥጥርና የግዢ ፈቃድ የሚሠሩት ሥርዓቱ ልጅነቱን ሲያውቅ ነው። በብዙ አገር ዕድሜው ከ13 በታች የሆነ ልጅ ብቻውን መክፈት ስለማይችል ወላጁ ይከፍትለታል። አይፎን ላይ ከ«ሴቲንግስ» ወደ «ፋሚሊ» ገብታችሁ አባል በመጨመር፣ አንድሮይድ ላይ ደግሞ «ፋሚሊ ሊንክ» በተባለው መተግበሪያ ነው የሚሠራው።

ሁለተኛው አገር ነው። የቤተሰቡ አካውንቶች በሙሉ በአንድ አገር ካልተመዘገቡ ግዢ መጋራት አይቻልም።

ሦስተኛው የማረጋገጫ ቁጥር ነው። ለሁሉም የአባትን ስልክ ቁጥር መስጠት የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። የአባት ስልክ የጠፋ ዕለት አራት ሰው በአንድ ጊዜ ከአካውንቱ ውጭ ይሆናል።

እርምጃ 5፦ ሰዎቹን ከአሮጌው አካውንት አንድ በአንድ አውጡ

በአንድ ጊዜ አንድ ሰው፤ እሱ ሳያልቅ ሁለተኛውን አትጀምሩ። ስህተት ቢፈጠር የማን ስልክ ላይ እንደተፈጠረ ማወቅ የሚቻለው ያኔ ነው።

አይፎን ላይ፦
ሀ. «ሴቲንግስ» ከፍታችሁ ከላይ ያለውን ስም ንኩና እስከ ታች ውረዱ፤ «ሳይን አውት» በሉ።
ለ. ስልክ ቁጥሮችና የቀን መቁጠሪያ በስልኩ ላይ ይቅሩ ወይ ብሎ ሲጠይቅ ይቅሩ በሉ። ይህን ካለፋችሁ ስልኩ ባዶ ሆኖ ይጠብቃችኋል።
ሐ. በአዲሱ አካውንት ግቡ፣ በስልኩ ያለው ከአዲሱ አካውንት ጋር እንዲዋሃድ ፍቀዱ።
መ. በመልእክትና በፌስታይም ቅንብሮች ውስጥ የአሮጌው ኢሜይል ምልክት ተደርጎበት እንዳልቀረ እዩ። ጥሪው በሁለት ስልክ ሲጮህ የኖረው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድሮይድ ላይ፦
ሀ. አዲሱን አካውንት ጨምሩ፤ አንድ ስልክ ሁለት አካውንት ይይዛል።
ለ. በዕውቂያዎች መተግበሪያው ቁጥሮቻችሁን ወደ አዲሱ አዛውሩ፤ በፋይል ያወጣችሁትን ማስገባትም ይቻላል።
ሐ. ሁሉም መግባቱን ስታረጋግጡ አሮጌውን አካውንት ከስልኩ አስወግዱ። ከስልክ ማስወገድ አካውንቱን አያጠፋውም።

አሁን ሁለታችሁም ጋር የተደበላለቀ የስልክ ቁጥር ዝርዝር አለ። ከዚህ በኋላ የማትፈልጉትን ብትሰርዙ የሌላውን አይነካም፤ ሁለት ቁጥር ሰርዛችሁ በሌላኛው ስልክ ላይ መኖራቸውን ካያችሁ በኋላ ቀጥሉ።

ቀድሞ የተጫኑት መተግበሪያዎች ስልኩ ላይ ይቆያሉ፤ ሲዘምኑ ግን የአሮጌውን አካውንት ይለፍ ቃል ሊጠይቁ ይችላሉ። አትደናገጡ፣ ይለፍ ቃሉንም አትስጡ። መፍትሔው እርምጃ 7 ላይ አለ።

እርምጃ 6፦ የቤተሰብ ቡድን ፍጠሩ

አስተዳዳሪው በአይፎን ከ«ፋሚሊ»፣ በአንድሮይድ ከጎግል ፕሌይ ቅንብሮች ውስጥ «ቤተሰብ» ከሚለው ቡድኑን ከፍቶ ሌሎቹን ይጋብዝ። በሁለቱም ዘንድ ቡድኑ አስተዳዳሪውን ጨምሮ 6 ሰው ይይዛል።

ማንን እንደምትጋብዙ አስቀድማችሁ አስቡ። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከአንድ ቡድን በላይ መሆን አይችልም፤ ከቡድን ወደ ቡድን መቀየርም በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚፈቀደው። ለአንድ ወር ብላችሁ የአጎት ልጅ ብታስገቡ፣ በኋላ እህቱ ቡድን ውስጥ ለመግባት ዓመት ሊጠብቅ ይችላል።

በዚህ እርምጃ ላይ ሁልጊዜ የሚነሳ ፍርሃት አለ፦ «ቡድን ከገባሁ ፎቶዬንና መልእክቴን ያያሉ?» አያዩም። የክላውድ ቦታን በጋራ መጠቀም እንኳ የየራሳችሁን ፋይል አያገናኝም፤ የሚጋራው የቦታው መጠን ብቻ ነው። ያላችሁበትን ቦታ ማጋራትም በተለየ ጥያቄ የሚመጣ ነው፣ እምቢ ማለት ይቻላል። የጋራ ፎቶ የምትፈልጉ ከሆነ ሆን ብላችሁ የጋራ አልበም ክፈቱ።

እርምጃ 7፦ ግዢ መጋራቱን አብሩና በወረቀቱ አመሳክሩ

አይፎን ላይ «ፐርቸስ ሼሪንግ» የሚለውን አስተዳዳሪው ያበራል። ከዚያ እያንዳንዱ አባል አፕ ስቶርን ከፍቶ የመገለጫ ምስሉን ሲነካ በግዢዎቹ ዝርዝር ውስጥ የሌሎቹን አባላት ስም ያገኛል። አሮጌ ይለፍ ቃል የሚጠይቀውን መተግበሪያ አጥፍታችሁ ከዚህ ዝርዝር እንደገና አውርዱት። መተግበሪያ ሲጠፋ በውስጡ የተጻፈው አብሮ ሊጠፋ ስለሚችል ግን ማስታወሻና የመሳሰለውን ቀድማችሁ አውጡ።

አንድሮይድ ላይ «የቤተሰብ ቤተ መጻሕፍት» የሚባለውን አስተዳዳሪው ሲከፍት፣ የሚጋራ ግዢ ሁሉ በራሱ ይግባ ወይስ አንድ በአንድ ልምረጥ ብሎ ይጠይቃል። አንድ በአንድ ካላችሁ፣ የገዛው ሰው በየመተግበሪያው ገጽ ላይ ማጋሪያውን ማብራት አለበት። «አጋርተን ነበር፣ ግን አይታይም» የሚሉኝ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ይህን የረሱ ናቸው።

አሁን ወረቀቱን አውጡና እያንዳንዱን ግዢ በሌላኛው ስልክ ፈልጉ። የማታገኟቸው ይኖራሉ፦

- በጨዋታ ውስጥ የተገዛ ሳንቲም፣ ሕይወትና የመሳሰለው ለማንም አይጋራም።
- ሠሪው ማጋራት ያልፈቀደባቸው መተግበሪያዎች አሉ። አፕ ስቶር ላይ የመተግበሪያው ገጽ ቤተሰብ መጋራትን ይደግፍ እንደሆነ ይናገራል።
- በየወሩ የሚታደስ አገልግሎት የሚጋራው የቤተሰብ ጥቅል ከሆነ ወይም ሠሪው ከፈቀደ ነው። ለአንድ ሰው የተሸጠ ጥቅል የአንድ ሰው ነው።

መጋራት ሲበራ የገዛችሁት ለቤተሰቡ ይታያል። እንዳይታይ የምትፈልጉት ካለ አይፎን ላይ ያንን ግዢ ለይቶ መደበቅ፣ አንድሮይድ ላይ ከቤተ መጻሕፍቱ ማስወጣት ይቻላል።

እርምጃ 8፦ ገንዘቡን አደብ አስይዙ

አይፎን ላይ ግዢ መጋራት ከበራ አባላቱ የሚገዙት በአብዛኛው በአስተዳዳሪው ካርድ ይቆረጣል፤ አባሉ በራሱ አካውንት ቀሪ ሒሳብ ካለው ግን መጀመሪያ የሚነካው የእሱ ነው። ለጎረመሰ ልጅ የገደብ መንገድ ይህ ነው፦ በየጊዜው ጥቂት ብር ወደ አካውንቱ አስገቡለት። ጎግል ላይ አባላት የቤተሰቡን የክፍያ ዘዴ ወይም የራሳቸውን መምረጥ ይችላሉ፤ በቤተሰቡ ሲከፈል ደረሰኙ ለአስተዳዳሪው ይደርሳል።

ለልጆች የግዢ ፈቃድ አብሩ፤ አይፎን ላይ «አስክ ቱ ባይ» ይባላል። ልጁ ሊገዛ ሲል ጥያቄው ወደ እናንተ ስልክ ይመጣል። ክፍተቱን ግን ዕወቁት፦ ሌላ የቤተሰብ አባል ገዝቶ ያጋራውን ወይም ልጁ ራሱ ቀድሞ የነበረውን እንደገና ሲያወርድ ፈቃድ አይጠየቅም። ለአዋቂ የገዛችሁት ጨዋታ ስምንት ዓመት ልጅ ስልክ ላይ የሚገኘው በዚህ ቀዳዳ ነው። ስለዚህ የዕድሜ ገደቡንም ለብቻው አስተካክሉ። ጎግል ላይም ፈቃዱ የሚሠራው በጎግል ፕሌይ የክፍያ ሥርዓት በኩል ለሚደረግ ግዢ ብቻ ነው።

እርምጃ 9፦ አሮጌውን አካውንት ቆልፉ

የቀረው ባለቤት የይለፍ ቃሉን ይቀይር። ከዚያ በአካውንቱ ላይ የተመዘገቡትን መሣሪያዎች ዝርዝር ከፍቶ የራሱ ያልሆኑትን ያስወግድ፤ የተሸጠ ስልክ፣ ለዘመድ የተሰጠ ታብሌት እዚያ ውስጥ ተቀምጦ መገኘቱ የተለመደ ነው። አካውንቱን ግን አትዝጉት። ከተዘጋ ግዢው አብሮ ይጠፋል።

የቤተሰብ መጋራት በአገራችሁ ካልሠራ

ለግዢ ብቻ የሚያገለግል አንድ የቤት አካውንት ያዙ። አይፎን ላይ በ«ሴቲንግስ» ስማችሁን ነክታችሁ «ሜዲያ ኤንድ ፐርቸስስ» በሚለው ውስጥ ብቻ በእሱ ግቡ፤ ፎቶና መልእክታችሁ በግል አካውንታችሁ ይቀጥላል። አንድሮይድ ላይ እንደ ሁለተኛ አካውንት ጨምሩት፣ ወዲያውም የዕውቂያ፣ የቀን መቁጠሪያና የፎቶ ማመሳሰሉን አጥፉ። ማመሳሰል ማጥፋት የአካውንቱን ኢሜይል ከመክፈት አያግድም፤ በዚህ አካውንት ኢሜይል ውስጥ ምስጢር አታስቀምጡ።

አይፎን ላይ በዚህ መንገድ አካውንት ማፈራረቅ አይቻልም። መሣሪያው ከአንድ የግዢ አካውንት ጋር አንዴ ከተሳሰረ ወደ ሌላ ለመሳሰር እስከ 90 ቀን ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።

ተደጋጋሚ ስህተቶች

- አስተዳዳሪው «ደህና፣ ጨርሰናል» ብሎ ቡድኑን ማፍረስ። ቡድኑ ሲፈርስ የተጋራው ግዢ ከሁሉም ይቋረጣል። አፕል ዘንድ ከ13 ዓመት በታች ልጅ ካለ ልጁ ወደ ሌላ ቡድን ሳይዛወር ማፍረስም አይቻልም።
- የቤተሰብ ጥቅል ገዝቶ የቀድሞውን የግል ክፍያ አለማቋረጥ። ጥቅሉ የግሉን ክፍያ ሁልጊዜ በራሱ አያቆምላችሁም፤ በወረቀቱ ላይ የጻፋችሁትን የእድሳት ቀን እያያችሁ ራሳችሁ ሰርዙ።
- ሌሎች መደብሮችም እንዲሁ የሚሠሩ መስሎ መገመት። ማይክሮሶፍት 365 የቤተሰብ ጥቅል እስከ 6 ሰው ሲይዝ ለእያንዳንዱ 1 ቴራባይት ቦታ ለየብቻ ይሰጣል። ስቲም የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ መደብር የቤተሰብ ቡድንም 6 ሰው ነው፤ ነገር ግን አንድ ቅጂ በአንድ ጊዜ ሁለት ሰው አይጫወትበትም፣ ከቡድኑ የወጣ አዋቂም ሌላ ለመግባት የቀድሞውን ከተቀላቀለበት ቀን አንድ ዓመት እስኪሞላ ይጠብቃል። ልጃችሁ በእናንተ ጨዋታ ላይ አጭበርብሮ ቢታገድ እገዳው ለእናንተም ሊተርፍ ይችላል።
- የማረጋገጫ ኮድ በስልክ ለቤተሰብ አባል ማንበብ። ከተለያያችሁ በኋላ ማንም የማንንም ኮድ የሚፈልግበት ምክንያት የለም። ኮድ የሚጠይቃችሁ ሰው ካለ አንድ መሣሪያ ገና በአሮጌው አካውንት ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ወደ እርምጃ 5 ተመለሱ።